የደሴ ብየዳ ቤት ድርጭት ቤት፦ ብረቱ ጥሩ፣ ወለሉ መጥፎ

ደሴ ላይ በብየዳ ቤት የሚሠራው የድርጭት ቤት 100 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 30 ነው። ሻጩ «ሃያ ይይዛል» ይላል። ለትርፍ ሳይሆን ለራሱ ደስታ ለሚያረባ ግን ከስድስት አይበልጥም፤ አንድ ወንድ፣ አምስት ሴት። ሁለት ወንድ አብሮ ከገባ ጭንቅላት መነጫጨት ይጀመራል።

ማዕዘን ብረቱ ጠንካራ ነው። ዝቅ ማለቱም ትክክል ነው፤ ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትተኮሳለች፣ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ፍጥነት አግኝታ አናቷን ትፈነክት ነበር። ቢሆንም ከጣሪያው ሥር ጆንያ ይወጠር።

ትልቁ ጉድለት ወለሉ ነው። ባዶ ሽቦ ስለሆነ መዳፋቸውን ያቆስላል፣ ቁስሉም ያብጣል። ኮምፔርሳቶ ተቆርጦ ይነጠፍና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የጣውላ ፍቅፋቂ ይደረግበት። ደቃቅ ሰጋቱራ አይሆንም፤ አቧራው ለሳንባቸው ጠንቅ ነው። የረጠበው ቶሎ ካልተነሣ የአሞኒያ ሽታው ዓይናቸውን ያቃጥላል።

የጎኑ ሽቦ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለአይጥ በር ከፍቶ መተው ማለት ነው። ሲያዝዙ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይበሉ።

ደሴ ላይ ለጦሳ ተራራ ነፋስ ሦስቱን ጎን በጣውላ መዝጋት፣ ፊቱን ለአየር መተው ያስፈልጋል። ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጎን ይበቃል፣ ጥላ ግን ግድ ነው።

ድርጭቶች የሚንከባለሉበት የአሸዋ መታጠቢያ አብሮ አይመጣም። ያረጀ የዳቦ ምጣድና ደረቅ አሸዋ ይተካዋል።