ኒው ኖርሲያ፦ ቀኑን ሙሉ ያዙለት

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ወደ ሰሜን 132 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ኒው ኖርሲያ ቤኔዲክት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት የመሠረቷት የገዳም ከተማ ናት። ሙዚየሙን አይተን ከተማውን በእግር ከአስጎብኚ ጋር ዞርን። አስጎብኚዋ እየተረጋጋች ነው የምታወራው። እኔም ለእናቴ ለማስተርጎም ጊዜ አገኘሁ። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ኮፍያና ውሃ አትርሱ።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ሮዜንዶ ሳልቫዶ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ ከጓደኛው ከሆሴ ሴራ ጋር ወደ አገሬው ተወላጆች፣ ወደ የዩድ ኑንጋር ሕዝብ አገር መጣ። ስንቃቸው ሲያልቅ ሳልቫዶ በእግሩ ፐርዝ ድረስ ሄደ። ልብሱ እንደተቀዳደደ ፒያኖ ተጫውቶ ለሚሲዮኑ ገንዘብ ሰበሰበ። የኑንጋርን ቋንቋ ተማረ፣ ቃላቱንም መዝግቦ አቆየ። በ1870ዎቹ የከተማዋን ፖስታና ቴሌግራፍ የምትሠራው ሄለን ኩፐር የተባለች የአገሬው ተወላጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም! ሳልቫዶን ወደድኩት፤ አልደብቅም።

ግን የሁለት የአገሬው ተወላጅ ልጆችን ታሪክ ስሰማ ልቤ ተሰበረ። ኮናቺና ዲሪሜራ ይባላሉ። በ1849 ሳልቫዶ ወደ ጣሊያን ወሰዳቸው፤ መነኮሳት ሆነው እንዲመለሱ አስቦ። የምንኩስና ልብሱን ያለበሷቸው የሮሙ ጳጳስ ፒየስ 9ኛ ራሳቸው ናቸው። ትምህርት የጀመሩት ካቫ በሚባል ገዳም ነው። ኮናቺ በ1853 ሮም ላይ ሞተ፤ ገና ልጅ ነበር። ዲሪሜራ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እሱም በ1855 አረፈ።

ይህን ሳስተረጉምላት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «እናቶቻቸውስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሳልቫዶ በኋላ የመጣውም ዘመን ከባድ ነው። የአገሬው ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው የሚያድጉባቸው ሁለት ማሳደጊያዎች እስከ 1970ዎቹ ድረስ ነበሩ። በ2017 ሥራውን የጨረሰው የአውስትራሊያ ሮያል ኮሚሽን (መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ አካል) በልጆች ላይ የደረሰውን በደል ሲመረምር ይህም ገዳም ተነስቷል። ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች ሕንጻውን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። መቃብር ቦታው ድረስ ሂዱ። ምልክት የሌላቸው መቃብሮች ባሉበት መሬት ላይ ቀስ ብላችሁ እርገጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። የሳልቫዶ መቃብርም እዚያው ነው፤ በ1900 ሮም ላይ አርፎ፣ አጽሙ በ1903 ተመልሶ መጣ። የመልካም ምክር እመቤታችን ሥዕልም አለች። ሰደድ እሳት ሰብላቸውን ሊበላ ሲል ሳልቫዶ ሥዕሏን ይዞ ወጣ፣ ነፋሱም ዞረ ይባላል። እናቴ ፊቷ ቆማ ብዙ ቆየች።

የቀን ጸሎቱ ለእንግዳ ክፍት ነው፤ እንዳያመልጣችሁ። መነኮሳቱ ጥቂት ናቸው። መዝሙረ ዳዊቱን በዝግታ ይቀባበሉታል። እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴ አብራቸው ተነሳች፣ አብራቸው ሰገደች።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን ሳስርላት «የልጆቹን ስም ጻፍልኝ፣ በጸሎት ላስባቸው» አለችኝ። በደረሰኙ ጀርባ የኮናቺንና የዲሪሜራን የክርስትና ስም፣ ፍራንሲስ ዣቪየርና ጆን ባፕቲስት ብዬ ጻፍኩ። አየችውና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«እናቶቻቸው ያወጡላቸውን አስቀድም።»