ሄሊዮስ 44-2 ከኮዳክ ጎልድ 200 ጋር፦ ለጎንደር ፀሐይ ይሆናል?

የድሮ ዜኒት-ኢ ካሜራ ከነሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ እጁ የገባ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ምን ፊልም ልጫንበት?» ብሎ ነው። ጎንደር ላይ ለሚያነሳ ሰው መልሳችን ኮዳክ ጎልድ 200 ነው። ቀለሙ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለትም በስሙ ላይ ያለው 200፣ ብርሃን የመያዝ አቅሙ ነው። ሌንሱን ምን ያህል ከፍታችሁ ማንሳት እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው፤ የሄሊዮስ መልክ ደግሞ የሚወጣው ሲከፈት ብቻ ነው።

ሄሊዮስ 44-2 ባለ 58 ሚሊሜትር፣ እስከ ኤፍ 2 የሚከፈት ሌንስ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በኤፍ 2 እና በኤፍ 2.8 መሃሉ ጥርት ይላል፣ ዳሩ ይለሰልሳል፣ ከጀርባ ያለው ቅጠልና በቅጠሉ መሃል የሚያልፈው ብርሃን ክብ ሠርቶ የሚሽከረከር ይመስላል። ኤፍ 5.6 ላይ ያ ሽክርክሪት የለም ማለት ይቻላል። ኤፍ 8 ላይ ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን ከሌላው ሃምሳ ሚሊሜትር የሚለየው ነገር አይታይም። የዜኒት-ኢ መዝጊያ ትልቁ ፍጥነት ደግሞ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ በቀትር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት፣ 200 ፊልም በ1/500 ኤፍ 11 አካባቢ ይጠይቃል። 400 ከጫናችሁ ኤፍ 16 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ሌንሱም ከዚያ በላይ አይጠብም። ስለዚህ «400 ለሁሉም ይሆናል» የሚለው የተለመደ ምክር ለዚህ ካሜራ አይሠራም።

እኛ የምንመክረው አሠራር ይህ ነው። ጎልድ 200ን እንደ 100 ቆጥራችሁ ለኩ፣ ለአጣቢው ግን በተለመደው መንገድ እንዲያጥበው ንገሩት። የቀለም ኔጋቲቭ አንድ እርከን ብርሃን (እጥፍ ማለት ነው) ቢበዛበት ምንም አይሆንም፤ ጥላው ይጸዳል፣ በፎቶው ላይ የሚታየው ቅንጣትም ይደቅቃል። በቀትር ፀሐይ ኤፍ 8 ላይ ትሆናላችሁ። ከዚያ ሦስት እርከን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር፣ ኤንዲ 8 የሚባለውን በ49 ሚሊሜትር ጥርስ፣ ብታስሩበት ኤፍ 2.8 ላይ ትወርዳላችሁ። ፊልተሩ ከሌለ ጥላ ፈልጉ፤ በግንቡ ጥላ ውስጥ ያለ ፊልተርም ኤፍ 2.8 ላይ ማንሳት ይቻላል።

ይህን ለመሞከር ከፋሲል መዋኛ የተሻለ ቦታ ጎንደር ውስጥ አናውቅም። ሥራቸው ቅጥሩን አቅፎ የወረደው ዛፎች አሉ። ሰውየውን ከካሜራው ሁለት ሜትር ገደማ ላይ አቁሙት፣ ቅርንጫፎቹ ከጀርባው ስድስት ሰባት ሜትር ይራቁ። ሰውየው ከግድግዳው ከተጠጋ ወይም ጀርባው ባዶ ሰማይ ከሆነ ሽክርክሪቱ አይመጣም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ጎልድ 200 ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ፊልም ነው። የግንቡ ቡናማ ድንጋይ በጠዋትና በአሥር ሰዓት ብርሃን የማር ቀለም ይይዛል፣ የሰው ፊትም ሕይወት ያገኛል። የኮዳክ ሌላው ፊልም ፖርትራ 400 ድንጋዩን ወደ እውነተኛው ቡናማነቱ ያቀርበዋል፣ ቀለሙም ረጋ ያለ ነው፤ ነገር ግን የፍጥነቱን ችግር ከላይ አይተናል። የኮዳክ ኤክታር 100 በፍጥነት ረገድ ለዜኒት ይመቻል፣ ቅንጣቱም እጅግ ደቃቅ ነው፤ ለግንብና ለሰማይ እንወደዋለን። ለፊት ግን አንመክረውም፤ ብርሃን ትንሽ ካነሰው ጥላው ሰማያዊ ይሆናል፣ ቆዳም ይቀላል።

በጥምቀት ቀን ብዙ ፊልም የሚበላሸው በነጠላው ነው። ጥር 11 ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መዋኛውን ሲከብ መለኪያው ያን ሁሉ ንጣት አይቶ «ብርሃኑ በዝቷል» ይላል። እሱን ብታምኑ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቶቹም ይጨልማሉ። ከዚያ በኋላ ስካነሩ ሊያበራው ሲሞክር ጥላው አረንጓዴ ቅልቅል ይዞ ይወጣል፤ ይህ ከፊልሙ ሳይሆን ከአለካኩ የመጣ ነው። ፊት አጠገብ ጠጋ ብላችሁ ወይም በዚያው ብርሃን የራሳችሁን እጅ መዳፍ ለክታችሁ አንድ እርከን ጨምሩ። የካሜራው የሴሌኒየም መለኪያ በዕድሜ ይደክማልና ከስልክ መለኪያ ጋር ሳታስተያዩ አትመኑት።

በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ጥንድ ይሸነፋል። ፍላሽ አይፈቀድም፣ ውስጡም ጨለም ይላል፤ 200 ፊልም በኤፍ 2 እንኳ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ፍጥነት ይጠይቃል። ጥቁርና ነጩን ፊልም ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስን እንደ 1600 ቆጥሮ ማንሳት ይቻላል፦ አይዲ-11 በሚባለው የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ሳይበረዝ፣ በ20 ዲግሪ፣ 14 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ በየደቂቃው መጀመሪያ ለአሥር ሰከንድ አራት ጊዜ ገልበጥ ማድረግ። ውኃው ከ20 ካለፈ ጊዜው ማጠር አለበት፤ ቀላሉ መንገድ የኬሚካሉን ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ማቆየት ነው። ጥላው መጥቆሩ ግን አይቀርም። ከዚያ የሚከፋው፣ የሥዕሎቹ ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ይጠፋፋሉ። ለጣሪያው መላእክት ፖርትራ 400ን እንደ 800 ማንሳት ይሻላል። ሄሊዮስም ሲከፈት የዳር ፊቶችን ያደበዝዛል፤ ከመሃል ያሉትን ጥቂት ፊቶች ብቻ መርጣችሁ አንሱ።

ለሙሉ ግንብ 58 ሚሊሜትር ይጠባል። ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑ ማማዎቹ ወደ ውስጥ ይዘማሉ። ሚር-1 የሚባለው ባለ 37 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤም42 በሚባለው የሌንስ ማሰሪያ ጥርስ የተሠራው ከተገኘ፣ በሄሊዮስ ቦታ ይታሰራል፣ ፊልተሩም ያው 49 ነው፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ግንቡን ለመያዝ ጥሩ ጓደኛ ነው።

የሄሊዮስ ትልቁ ድክመት የፊት ለፊት ፀሐይ ነው። የመስታወቱ ቅብ የድሮ ስለሆነ ፀሐይ ከግንቡ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ፎቶው ሁሉ ነጣ ይላል። የላስቲክ ኮፍያ ግዙለት፤ ከሌለ በእጃችሁ ጋርዱት።

ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሌንሱን ፈታችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ በ1/500 ተኩሱ። በፍሬሙ አንዱ ጎን ጥቁር ሰንበር ካለ የመዝጊያው መጋረጃ ደክሟል፤ በ1/250 ብቻ ልትሠሩበት ትችሉ ይሆናል፣ ያ ማለት ግን አንድ እርከን ቀዳዳ አጣችሁ ማለት ነው። ሌንሱን በባትሪ አብርታችሁ ሻጋታና ጭጋግ ፈልጉ፣ ቀዳዳውን በሚያጠብቡት ስስ ብረቶች ላይም ዘይት እንዳለ እዩ።

ሁለት የአጠቃቀም ነገሮችም አሉ። ቀዳዳው በሁለት ቀለበት ነው የሚሠራው፦ በአንደኛው ቁጥሩን ትመርጣላችሁ፣ በሁለተኛው ከፍታችሁ ፎከስ ታደርጉና ከመተኮሳችሁ በፊት ትዘጉታላችሁ። መዝጋቱን የረሳ ያለ ፊልተር በቀትር አራት አምስት እርከን የበዛበት ፍሬም ያገኛል። የማያው መስኮትም ከ24 በ36ቱ ፍሬም 20 በ28 ሚሊሜትሩን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ያላያችሁት የመብራት ምሰሶ ወይም የሰው ክንድ በዳር ይገባል፤ ለግንብ ስትቀራረቡ ይህን አስቡ፣ ለፊት ሥዕል ግን ሳትሰጉ ጠጋ በሉ፣ ሌንሱ እስከ ግማሽ ሜትር ፎከስ ያደርጋል።