ለሐይቅ አምባዛ የትኛው ሪል፣ የትኛው ክር?

ስለ ሪል (ዘንግ ላይ ተገጥሞ ክር የሚጠቀልለው መሣሪያ) እና ስለ ክር ዩቲዩብ ላይ ከፈለጋችሁ የሚመጣላችሁ ብዙው ስለ ፓይክ ነው። ፓይክ የአውሮፓ፣ የሰሜን እስያና የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አፉ ረጅም፣ ጥርሱ ስለታም። ወሎ ውስጥ የለም። እኛ ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ላይ የምናገኘው አምባዛ፣ ቆሮሶና ካርፕ ነው። ስለዚህ ለፓይክ የተመከረውን ዕቃ እንዳለ መግዛት ብር መጣል ነው። ግን ሁሉም ምክር አይጣልም። ከሪሉ ብዙው ይሠራልናል። ከክሩ ደግሞ ብዙው አይሠራልንም።

ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣውን ምረጡ። ቆሮሶ ከሐይቁ ጋር አብሮ የኖረ ዓሣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ተወስዶ የተለቀቀ ነው። አብዛኛው ምግቡ ውኃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያይ ብዙ አይጓጓም። ትል ወይም ሊጥ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር ይበቃዋል። ካርፕም የሊጥና የበቆሎ ወዳጅ ነው። እንደ ፓይክ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላው አምባዛ ነው። ማንኪያና ስፒነር (የሚያብረቀርቁ የብረት ማታለያዎች) ወርውሮ እየጎተቱ ማጥመድ ካማራችሁ የምታስቡት እሱን ነው። ከዚህ በታች ያለውም በአብዛኛው ለሱ ነው።

ሃይላንድ፣ ተንጠልጣይ፣ ላይኛው

መጀመሪያ ሪል ያስፈልጋችኋል ወይ? ሃይላንድ ላይ ክር ጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ወይም እርሳስ አስሮ የሚወረውር ልጅ ዓሣ ይዞ ይሄዳል። ለቆሮሶና ከዳር ለሚያዝ ዓሣ ይህ ነውር የለውም። የሚያቅተው ሁለት ቦታ ነው። ማንኪያ ወርውሮ በእኩል ፍጥነት መጎተት አይመችም። ትልቅ አምባዛ ሲሮጥ ደግሞ ክሩን የሚለቅለት እጃችሁ ብቻ ነው፣ እጅም ይቆረጣል። በሳምንት አንዴ ለጨዋታ የምትወርዱ ከሆነ ግን ሃይላንዱ ይበቃል። ዘንግና ሪል ካልገዛሁ ብላችሁ አትጨነቁ።

ሪል ከሆነ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ነው። ስትወረውሩ መጠቅለያው አይዞርም፣ ክሩ ከላዩ እየተፈታ ይሄዳል። ሁለተኛው ቤይትካስተር የሚባለው፣ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ነው። በዚህኛው መጠቅለያው ራሱ ይሽከረከራል። ሦስተኛው ክዳን ያለው፣ ጀርባው ላይ ቁልፍ የሚጫኑት ነው። ይሄን ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ አልመክርም። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ፍሬኑም (ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀው ክፍል) በአብዛኛው ደካማ ነው።

የፓይክ ሰዎች ላይኛውን ሪል የሚወዱት ምክንያት አላቸው። እነሱ የሚወረውሩት ማታለያ ብዙ ጊዜ ከ50 ግራም ያልፋል። ከባድ ነገር መጠቅለያውን በደንብ ያሽከረክረዋል። ሪሉም ለጉተታ ጠንካራ ነው። እኛ ግን ሐይቅ ዳር የምንወረውረው ከ10 እስከ 20 ግራም የሚሆን ማንኪያ ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ማንኪያው አየር ላይ ይዘገያል፣ መጠቅለያው ግን መዞሩን አያቆምም። ያን ጊዜ ክሩ ተወሳስቦ ጎጆ ይሠራል። አውራ ጣት በጊዜ መጫንን እስኪለምድ ድረስ ሰው ብዙ ሰዓት ክር ሲፈታ ይውላል። ለዚያ ትዕግሥት ካላችሁ፣ ከባድ ማታለያም ካላችሁ ግዙ። ለሌላው ሰው የሚሻለው ተንጠልጣዩ ነው። እኔ በዚህ አላመነታም።

መጠኑስ? ሪሉ ላይ 2500፣ 3000፣ 4000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የሺማኖ 3000 እና የፔን 3000 ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ አያክሉም። ስለዚህ መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 0.30/150 የሚል ከሆነ ባለ 0.30 ሚሊ ሜትር ክር 150 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ከዳር ሆኖ አምባዛ ለሚያጠምድ ይህ ይበቃል። አብዛኛው ባለ 3000 ሪል እዚህ አካባቢ ነው። 4000 ለጀልባና ለወፍራም ክር ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩበት ግን ክንድ ያደክማል።

ኩሽኔታ አትቁጠሩ

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የኩሽኔታ ቁጥር ነው። አሥራ ሦስት አለው፣ አሥራ አምስት አለው ይላል። ብዙ ርካሽ ኩሽኔታ ከጥቂት ጥሩ ኩሽኔታ አይበልጥም። አሸዋና ጭቃ ከገባበት ሁሉም መንጫጫቱ አይቀርም። ብራችሁን ፍሬኑ ላይ አውጡ። ከፊት በኩል፣ መጠቅለያው ላይ የሚጠብቀው ከኋላ ከሚጠብቀው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ውስጡ ያሉት የፍሬን ቀለበቶች ሰፋ ስለሚሉ ክሩን ሳይንገጫገጭ ለስልስ አድርጎ ይለቃል። አምባዛ መጀመሪያ ላይ ከባድ ሆኖ ወደ ታች ይጫናል፣ የደከመ ሲመስል ደግሞ ዳር ላይ በድንገት ይገለበጣል። ክር የሚበጠሰው ያኔ ነው። የሚያድነው የኩሽኔታ ብዛት ሳይሆን ፍሬን ነው።

ፍሬኑን ለመለካት ሚዛን አያስፈልግም። ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ክሩ ጫፍ ላይ እሰሩ፣ አንሡት። ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ክሩ ስድስት ኪሎ የሚይዝ ከሆነ ፍሬኑ በዚያ ክብደት ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት። የክሩ ሲሶ ማለት ነው። ካልለቀቀ ጠብቋል፣ ከተዘረገፈ ላልቷል።

የማርሹ ቁጥርም አለ። 5.2 ለ 1 ማለት እጀታውን አንዴ ስታዞሩ ክሩ ከአምስት ጊዜ በላይ ይጠቀለላል። 6 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ለአምባዛ ዝግ ያለው ይሻላል። ማንኪያው ወደ ታች ወርዶ ቀስ ብሎ መምጣት አለበት፣ ከባድ ዓሣ ሲያዝም እጀታው አይከብዳችሁም።

ክሩ ላይ ነው ልዩነቱ

የፓይክ ቪዲዮዎች በአንድ ድምፅ ጉንጉን ክር ይላሉ። ጫፉ ላይ ደግሞ የብረት ሽቦ። ሽቦው ለፓይክ ግዴታ ነው፣ ጥርሱ ናይለንን ይቆርጣልና። አምባዛ ግን እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም። አፉ ውስጥ ያለው ሻካራ የጥቃቅን ጥርስ ንጣፍ ነው። ክሩን አይቆርጥም፣ ቀስ በቀስ ይፍቀዋል። ስለዚህ ሽቦውን ተዉትና ግማሽ ሜትር የሚሆን ባለ 0.50 ናይለን ጫፉ ላይ እሰሩ። ሽቦ ዕቃ ያጠነክራል ብላችሁ ካሰራችሁ ማንኪያው እንደልቡ መወዛወዙን ታሳጡታላችሁ።

አሁን ጉንጉንና ናይለን ይወዳደሩ። ጉንጉን ክር በጣም ቀጭን ሆኖ ብዙ ይይዛል። አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ ዓሣው ነካ ሲያደርግ እጅ ላይ ይሰማል። ሩቅም ይወረወራል። ያ ሁሉ እውነት ነው። ግን ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ቶሎ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ስለማይለጠጥም ፍሬን ያልተስተካከለበት ሰው መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ቀድዶ ያወጣዋል። ጣትም ይቆርጣል፣ በባዶ እጅ ጠቅልላችሁ አትጎትቱት። በመጠቅለያው ላይ በቀጥታ ከተጠቀለለ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን ከሥር መሆን አለበት።

ናይለን ርካሽ ነው። መለጠጡ የጀማሪን ስህተት ይምራል፣ ቋጠሮም በቀላሉ ይይዛል። ጉድለቱ ፀሐይ ነው። መስኮት ዳር ወይም ጀልባ ላይ የከረመ ናይለን ኃይሉ ይቀንሳል። ጠምዝዞ የተቀመጠበትን ቅርጽም ይይዛል፣ ስትወረውሩ እንደ ሽቦ እየተጠቀለለ ይመጣል። የአገልግሎት ዘመኑ አጭር ስለሆነ በየጊዜው ይቀየራል፣ ርካሽነቱም ለዚያ ይጠቅማል።

ከዳር፣ ድንጋይና ፊላ ባለበት የምታጠምዱ ከሆነ ባለ 0.30 ወይም 0.35 ናይለን ውሰዱ። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ጥልቅ ውኃ ላይ ማንኪያ የምታወርዱ ከሆነ ወይም ሩቅ መወርወር ከፈለጋችሁ ጉንጉን ይበልጣል። ለቆሮሶ ባለ 0.20 ናይለን ይበቃል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ውኃ ውስጥ ከናይለን ያነሰ ነው የሚታየው፣ ይሰምጣልም። ሪሉን በሱ መሙላት ግን አያስፈልግም። ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ይጠቅማል፣ ዋጋውም ለዚያ ብቻ ነው የሚሸከመው።

እሽጉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ በግማሽ ልብ አንብቡ። በተለይ ርካሽ ጉንጉን ክር ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል። ውፍረቱም ከተጻፈው ወፍራም ሆኖ ይገኛል።

ብዙዎቻችን ሪል የምናገኘው ሱቅ ገብተን መርጠን አይደለም። እኅት ወይም ወንድም ከዓረብ አገር ሲመጣ ይዞልን ይመጣል፣ ወይም ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ይሸጥልናል። ያገለገለ ከሆነ እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ ጥርሱ ሲፋጭ ከተሰማችሁ ግራሶ አያድነውም። ፍሬኑን አላልታችሁ ክሩን በእጅ ጎትቱ፣ እየተንገጫገጨ ሳይሆን ወጥ ሆኖ መውጣት አለበት። ከዚያ የሚገለበጠው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ በጣት ነክታችሁ እዩ። ክሩ የሚያልፈው በሷ ላይ ነው። ካልዞረች ወይም መሃሏ ላይ በክር የተቆፈረ መስመር ካለ አዲስ ክር በሰጣችሁት ቁጥር ትበላዋለች። ያን ሪል በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት።