የካምቢዮ ዘይት ንጽጽር፦ ለድራግ እሽቅድድም የሚስማማውና ለጎንደር መንገድ የሚስማማው

ጎንደር ውስጥ አንድ ባለመኪና ወደ መለዋወጫ ቤት ገብቶ «ወንድሜ፣ ቀዩን የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ሲል፣ ሻጩ ከመደርደሪያው የሚያወርድለት ዕቃ በባሕርያቸው ፈጽሞ ከሚለያዩ አራትና አምስት ዘይቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ቀይ ቀለሙ የሚጨመረው ዘይቱ ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ስለሆነ፣ ስለ ጥራቱም ሆነ ስለ ዓይነቱ የሚነግረን ነገር የለም። ቀጥ ባለ አጭር ሜዳ ላይ የሚደረገውን የድራግ እሽቅድድም በስልኩ የሚከታተልና የራሱን መኪና ማጠናከር የሚፈልግ ወጣት ደግሞ በውድድሩ ላይ ስሙን የሰማውን ዘይት ይጠይቃል። ይህ ንጽጽር ለሁለቱም የተጻፈ ነው። አቋሜም ዘይት መመረጥ ያለበት በዋጋውና በዝናው ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ካምቢዮው በሚፈልገው የሰበቃ ጠባይ፣ ቀጥሎም በሚሸከመው ሙቀት ነው የሚል ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚቀየረው በዘይት የተነከሩ የፍሪሲዮን ሸራዎች በዘይት ግፊት ተጨምቀው እርስ በርስ ሲያያዙ ነው። በዚያች ቅጽበት ዘይቱ በሸራዎቹ መካከል ስለሚገኝ፣ አያያዛቸው ለስላሳ ወይም ድንገተኛ መሆኑ በዘይቱ ቅመምም ይወሰናል። አንደኛው ቤተሰብ የጄኔራል ሞተርስ ዴክስሮን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው ከመጀመሪያው በኋላ በ1973 ዴክስሮን ሁለት፣ በ1993 ዴክስሮን ሦስት፣ በ2005 ደግሞ ዴክስሮን ስድስት ተከትለዋል። ይህ ቤተሰብ ሰበቃን የሚያለዝብ ቅመም ስላለው፣ የሸራዎቹ ፍጥነት እኩል ወደ መሆን ሲቃረብ መያያዛቸው ይለሰልሳል፤ ተሳፋሪውም ማርሹ መቀየሩን እምብዛም አያውቅም። ሁለተኛው ቤተሰብ የፎርድ ታይፕ ኤፍ ነው። ይህ ዘይት አለዛቢ ቅመም የለውም፤ ሸራዎቹ እንደተገናኙ አጥብቀው ይነክሳሉ፣ ማርሹም በሚሰማ ድንጋጤ ይገባል። ፎርድ ራሱ ለአዳዲስ መኪኖቹ ከተወው አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የድራግ ተወዳዳሪዎች ግን እስካሁን አልተዉትም።

እዚህ ላይ ገዢውን በቀጥታ የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን ሦስት ፈቃድ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ላይ ስላቆመ፣ ዛሬ በሱቅ ውስጥ «ዴክስሮን ሦስት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከኩባንያው ፈትሾ የሚያረጋግጥለት አካል የለውም። ጥሩ አምራች ደረጃውን ጠብቆ ሊሠራው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ስሙን ብቻ ሊለጥፍበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የአምራቹ ማንነት ሊጠየቅ ይገባል።

በውድድሩ ሜዳ ለምን ታይፕ ኤፍ?

የድራግ መኪና ቀጥ ባለ ሜዳ 402 ሜትር ወይም የዚያን ግማሽ 201 ሜትር ይሮጣል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙባቸው ካምቢዮዎች ጥንታውያን ናቸው፦ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረተው ባለሁለት ማርሹ ፓወርግላይድና በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለሦስት ማርሹ ቲኤች 400። ሁለቱም ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) የሚቆልፈው ሎክ አፕ የሚባለው ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ታይፕ ኤፍ በእነርሱ ውስጥ ያለ ችግር መሥራት የቻለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ተወዳዳሪው የሚፈልገው ምቾት ሳይሆን ሸራው ሳይንሸራተት በአንዴ እንዲይዝለት ነው፤ ምክንያቱም ሸራ በተንሸራተተ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ጎማው ላይ መድረሱን ትቶ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መኪናው መነሻው መስመር ላይ በትራንስብሬክ (ካምቢዮውን ቆልፎ መኪናውን ባለበት በሚይዝ መሣሪያ) ታግቶ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው፣ መኪናው ስለማይንቀሳቀስ ያ ሁሉ ኃይል በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይቱን ያሞቃል። ለውድድር ተብለው የሚሸጡት ዘይቶች ይህን በማሰብ አረፋን በሚከላከሉና ሙቀትን በሚቋቋሙ ቅመሞች የዳበሩ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ቀይ ሳይሆኑ ሰማያዊ ናቸው።

ሆኖም ታይፕ ኤፍ ለሁሉም የድራግ መኪና የግድ ነው ማለት አይደለም። የማርሹ አገባብ ጥንካሬ ከዘይቱ ይልቅ በካምቢዮው ውስጥ ባለው የዘይት ግፊትና በቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየሸራው በሚመራው ክፍል) አሠራር ስለሚወሰን፣ ለውድድር ታስቦ የተሠራ ካምቢዮ በጥሩ ዴክስሮንም አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ያለ ካምቢዮ ያለው ሰው ካምቢዮውን የሠራለት ባለሙያ ሸራዎቹን በየትኛው ዘይት አስቦ እንዳስገባቸው ጠይቆ ያንኑ ቢገዛ ይሻለዋል። በሌላ በኩል ቫልቭ ቦዲው ባልተነካ አሮጌ ፓወርግላይድ ላይ የታይፕ ኤፍ ልዩነት ወዲያውኑ ይሰማል፤ በዚህ ቦታ ገንዘቡ ያዋጣል።

ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የታዋቂውን ተወዳዳሪ የዶን ጋርሊትስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 8 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በላየንስ የድራግ ሜዳ የመኪናው ካምቢዮ ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ከፊል ቆርጦበታል፤ እርሱም ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከሾፌሩ ኋላ የሆነ መኪና ሠርቶ የስፖርቱን መልክ ለውጧል። ዘይት ብቻውን ካምቢዮን ከመፈንዳት አያድንም፤ ለዚያ የብረት መከላከያ አለ። ነገር ግን ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት አረፋ ደፍቆ ከመተንፈሻው ሲወጣ ጎማ ሥር ወይም በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሊፈስ ስለሚችል፣ መንሸራተትንና እሳትን ያስከትላል።

ያው ዘይት በጎንደር መኪና ውስጥ

አሁን ያንን የውድድር ዘይት ወስደን ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚመላለስ አውቶማቲክ ኮሮላ ወይም ያሪስ ውስጥ እናስገባው። የቶዮታ ዘመናዊ ካምቢዮዎች ሎክ አፑን ሙሉ በሙሉ ከመቆለፍ በተጨማሪ በጥቂቱ እያንሸራተቱ እንዲይዝ ያደርጉታል፤ ይህ ቁጥጥር ያለበት መንሸራተት ደግሞ አለዛቢ ቅመም ከሌለ ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል። መኪናው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ሳለ በድንጋያማ መንገድ እንደሚሄድ ይርገበገባል፣ ሸራውም ሳይቆይ ይበላል። ታይፕ ኤፍን ለእነዚህ መኪኖች የሚመክር ሰው ባለቤቱን ለከባድ ወጪ እየዳረገው ነው።

ለእነርሱ ትክክለኛው ንጽጽር በሁለቱ የቶዮታ ዘይቶች፣ በታይፕ ቲ አራትና በደብሊው ኤስ መካከል ነው። ታይፕ ቲ አራት በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውፍረቱ 7 ሴንቲስቶክ አካባቢ ሲሆን፣ በኋላ የመጣው ደብሊው ኤስ ግን 5.5 ገደማ ነው። ቀጭኑ ዘይት ነዳጅ እንዲቆጠብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የካምቢዮው ፓምፕና ቫልቮች ለእርሱ ተለክተዋል። ስለዚህ «አገራችን ዳገታማ ስለሆነች ወፍራሙ ይሻላል» በሚል ደብሊው ኤስ በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ቲ አራትን መጨመር ትክክል አይደለም፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የመጨረሻ ዳኛ ነው።

የዳገቱ ነገር ግን እውነት ነው፤ መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው እንጂ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ሾፌሩም ጋዙን አብዝቶ ይረግጣል። ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሎክ አፑ ተለቅቆ፣ ለረጅም ጊዜ ስለሚሳብ ቶርክ ኮንቨርተሩ ዘይቱን ያለማቋረጥ ያሞቃል። የድራግ መኪና ዘይቱን የሚያሞቀው ለሰከንዶች ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ጋብ አይልም። ወደ መተማ የሚወርደው ደግሞ የውጭው አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቆላ ውስጥ ይሠራል። በሙያው በታወቀው ግምት መሠረት የዘይቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በየ11 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እነዚህን መንገዶች የሚያዘወትር ሰው ገንዘቡን ለውድድር ዘይት ከሚያወጣ ይልቅ፣ የተፈቀደለትን ዓይነት በሲንተቲክ ቢገዛና ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ቢያስገጥም ብዙ ይጠቀማል። «ለዕድሜ ልክ የተሞላ» የሚለውን አባባልም በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ባይቀበለው መልካም ነው፤ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየርን እመክራለሁ።

ሲቪቲና ማኑዋል

ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ብዙ ቪትዞች ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ናቸው። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ተቆንጥጦ ስለሚሠራ፣ ዘይቱ ብረት ከብረት ጋር ሳይንሸራተት እንዲያያዝ የሚያደርግ መሆን አለበት። ዴክስሮንም፣ ታይፕ ኤፍም፣ ደብሊው ኤስም ይህን አይሠሩም። ቶዮታ ቲሲ ወይም ኤፍኢ የሚላቸውን የሲቪቲ ዘይቶች ብቻ፣ መመሪያው የሚጠቅሰውን ለይቶ መግዛት ነው። ካልተገኘ ሌላ ከመጨመር መኪናውን ማቆም ይሻላል።

በማኑዋል ካምቢዮ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ጂኤል አራትና ጂኤል አምስት በሚባሉት የማርሽ ዘይት ደረጃዎች መካከል ነው። ጂኤል አምስት ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቅመሙ የማርሽ ማመሳሰያ የነሐስ ቀለበቶችን ሊጎዳ ይችላል፤ ለካምቢዮው ጂኤል አራት ከተባለ፣ «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይበልጣል» ብሎ አምስትን መውሰድ አይገባም።

ትክክለኛው ዘይት ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ልኩ ነው። የመለኪያ ዘንግ ያለው ካምቢዮ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሆን፣ ሞተሩ እየሠራና ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል። ዘንግ የሌላቸው የቶዮታ ካምቢዮዎች ግን ብዙዎቹ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለበት ጊዜ ከሥር ባለው መለኪያ ቡሎን በኩል ስለሚለኩ፣ ከረጅም ጉዞ በቀጥታ ወደ ጋራዥ የገባ መኪና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለበት። ሲፈስ ከወጣው እኩል መልሶ መሙላትም ይቻላል፤ ለዚህም የወጣውን ዘይት ንጹሕ በሆነ መለኪያ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የወጣው ዘይት ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ሸራው ተቃጥሏል፤ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ መስሎ ከወጣ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል። በሁለቱም ሁኔታ አዲስ ዘይት ከመግዛት በፊት ካምቢዮው ወይም ራዲያተሩ መፈተሽ አለበት።