ያገለገለ ሶኒ ትሪኒትሮን፦ ቱቦው ደህና ከሆነ ብቻ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉ ጥገና ቤቶች ዛሬም ጀርባው ወፍራም ቴሌቪዥን አይጠፋም። ከነዚያ ውስጥ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው ባለ 21 ኢንቹ ሶኒ ትሪኒትሮን ነው። ቦርዱ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ምስሉን የሚያወጣው የመስታወት ቱቦ ካለቀ ግን ምርቱ ስለቆመ አዲስ አይገኝም።

ትሪኒትሮን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1984 ወደ ቀለም ሲገባ 16 ዓመት አስቆጥሮ ነበር። የሌሎቹ ቱቦ ከመስታወቱ ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብረት አለው፤ የዚህ ግን እንደ በገና አውታር ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን የብረት ክሮች ናቸው። ክሮቹ ብዙ ኤሌክትሮን ስለሚያሳልፉ ምስሉ ይደምቃል፤ ቀን በር ተከፍቶም ጥርት ብሎ ይታያል። እንዳይርገበገቡ አግድም ሽቦ ይይዛቸዋል። የሽቦው ጥላ በነጭ ምስል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በ21 ኢንቹ ሁለት ነው። ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም መስመሩ ጨርሶ ከሌለ ቱቦው ትሪኒትሮን አይደለም።

ሲገዙ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረውን ያስከፍቱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ የደከመ ቱቦ ድክመቱ የሚታወቀው ሲቀዘቅዝ ነው። ምስሉ እስኪደምቅ ደቂቃዎች ከፈጀ፣ ወይም የሰው ፊት ላይ ቀዩ ወደ ጎን ከተዘረገፈ ይተዉት።

ጥግ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ እድፍ ካለ ግን አይደንግጡ። መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ስፒከር ያርቁ። ከዚያ አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙትና መልሰው ይክፈቱ፤ ሲነሳ በቱቦው ላይ የቀረውን ማግኔት የሚያጠፋበት «ድምም» የሚል አጭር ድምፅ ከሌለ ፖዚስተሩ (ለዚህ ሥራ ኃይል የሚለቅቀው ክፍል) ሞቷል ወይም ብየዳው ለቋል፤ ትንሽ ሥራ ነው። በሪሲቨር ሲያዩ ቀለሙ ከጠፋ ሪሲቨሩ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቀለም ሥርዓት ላይ ሊሆን ስለሚችል ፓል ወደሚባለው ይቀይሩት። ቀዩ መብራት ብቻ እየቆጠረ ብልጭ ካለ ብልጭታውን ቆጥረው ለጠጋኙ ይንገሩት፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ቁጥሩ የተበላሸውን ክፍል ይጠቁማል።

ብዙውን ጊዜ የሚገድለው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው፤ የአግድም ትራንዚስተሩን (ምስሉን ወደ ጎን የሚዘረጋውን ክፍል) ሊያቃጥለው ይችላል። መብራት እንደጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ጀርባውን ግን አይክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ቱቦው ውስጥ 25,000 ቮልት ገደማ ሊቆይ ይችላል።

ወደ ሞጣ ወይም ቢቸና ሲጭኑት መስታወቱን ወደ ታች አድርገው ፍራሽ ላይ ያስተኙት፤ ክብደቱ ያለው ከፊት ነው።