ኢታሊክ ፊደላት ሲጋጩ፦ ሰነዱ ላይ በእጅ ማራቅ ወይስ ፎንቱን ማረም?

የኢታሊክ (ዘመም ያለ) የላቲን ፊደል ኤፍ (f) አናት ወደ ቀኝ ስለሚያዘም ከተመደበለት ስፋት ያልፋል፤ ቀጥሎ ቀጥ ያለ (ኢታሊክ ያልሆነ) ቅንፍ ከመጣ ይጋጫሉ።

በእጅ ማራቅ ፈጣን ነው። በገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ኢንዲዛይን ጠቋሚውን በሁለቱ መካከል አድርጎ አልትንና የቀኝ ቀስትን መጫን፣ መነሻ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ክፍተቱን በ20/1000 ኤም (ኤም ከፊደሉ መጠን ጋር እኩል የሆነ ስፋት ነው) ያሰፋል። ሁለት ጊዜ ሲጫኑ በ12 ነጥብ ጽሑፍ 0.48 ነጥብ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ጥንዱ መቶ ቦታ ከተደጋገመ ግን አድካሚ ነው፤ አንዱ ይዘለላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሰፋል።

ፎንቱን በፎንት ማረሚያው ፎንትፎርጅ ከፍቶ የከርኒንግ ሰንጠረዡን (በፊደል ጥንዶች መካከል ያለውን ክፍተት የሚወስነውን) ማረም የአንድ ፎንት ጥንድን በሁሉም ቦታ በአንዴ ያስተካክላል። አስቀድሞ ፈቃዱ ማሻሻልን መፍቀዱ ይታይ። የታረመው ፋይል አዲስ ስም ካልተሰጠው ፕሮግራሙ አሮጌውን ሊያነሳ ይችላል። መስመሮች ስለሚንሸራተቱም ሥራው ከገጽ ቅንብር በፊት ይጠናቀቅ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ይህን ነው፦ ሰንጠረዡ የሚሠራው ሁለቱም ምልክቶች ከአንድ ፎንት ሲመጡ ብቻ ነው። ኢታሊኩ ኤፍና ቀጥ ያለው ቅንፍ የሚመጡት ከሁለት ፋይሎች ስለሆነ የሰንጠረዡ እርማት አይነካቸውም፤ እዚያ በእጅ ማራቅ ይሻላል። ቅንፉንም ኢታሊክ ማድረግ ይቻላል፣ ሁሉም ባይወደውም።