ሰባት አሮጌ ካንዴላ ይዤ የሄድኩባቸው መካኒክ፤ እግዜር ይስጥልኝ

ጽሁፉ ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ሰው የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ያንብብ። ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚያቃጥል) ባለአራት ጎማ ሞተር ይዞ በካርቡሬተር፣ ማለትም አየርና ነዳጅ በሚቀላቅለው ዕቃ፣ የተማረረ ግን እስከ ታች ይከተለኝ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የተንገላታሁበትን ነገር አንድ አዛውንት በአንድ ከሰዓት ጨርሰውልኛል።

ሞተሬ ያማሃ ብላስተር ናት። አንድ ሲሊንደር፣ በነፋስ የምትቀዘቅዝ፣ 195 ሲሲ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2006 ወዲህ አልተመረተችም፤ ስለዚህ አሮጌ መሆኗን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፣ አውቀዋለሁ። ስለ ራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ ቀኙ በመሳሪያ ነው የሚሰማው። የራስ ቁር ሳጠልቅ መሳሪያውን አወልቃለሁ። እና የሞተሬን ድምፅ እናንተ እንደምትሰሙት አልሰማውም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ችግሬ ቀላል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኝ ነበር፣ በቃ። "ሞቅ ያለ ካንዴላ እናድርግላት" አሉና 8 ቁጥሩን ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈነጥቀውን) አውጥተው 6 ቁጥር አሰሩላት። ኤንጂኬ የሚባለው ስሪት ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ዝቅ ሲል ይሞቃል፤ ቻምፒዮን የሚባለው ላይ ደግሞ ግልባጩ ነው። ይህን ያኔ የነገረኝ የለም። ሁለት ቀን ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ስነዳ ጉልበቷ ድንገት ወደቀ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ እኔም ከመሪው በላይ በርሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ፒስተኑ አናቱ ላይ ተበስቶ ተጣብቋል። ገፍቼ ስወስድላቸው አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሲጮህ አትሰማም እንዴ?" ሳቁም።

ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነበር። አዲስ ፒስተን፣ አዲስ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት)፣ ሲሊንደሩ ተፍቆ ተገጠመ፤ እሺ። ከዚያ ግን በሄድኩ ቁጥር የካርቡሬተሩን ትልቁን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ብሎን) አውጥተው ከእሱ የሚበልጥ ይከታሉ። "ነዳጅ አንሷት ነው የተቃጠለችው" ይላሉ። ዘይት ጨምር፣ ይጠብቃታል አሉኝ፤ ጨመርኩ። ማርሚታው ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በየሳምንቱ ጠቁሮና ርሶ ይሞታል፤ ኪሴ ውስጥ ካንዴላ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ደግሞ ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ሲሄድ የሚያወሩት ለእሱ ነው። ሞተሯ የእኔ፣ ከፋዩ እኔ፣ ፊታቸው ወደ እሱ። "ለእሱ ንገረው" ይሉታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ሦስተኛው ቦታ አይቶም አልነካት፤ "ሽጣትና ተገላገል" አለኝ። ቢያንስ አላስከፈለኝም።

አሁን ወደ እኚህ ሰው ልምጣ።

ስገባ መጀመሪያ ያደረጉት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከጀርባዬ የነበረውን መብራት አዙረው ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ አደረጉት። ከንፈር እንደማነብ አልነገርኳቸውም፤ መሳሪያዬን አይተው ገምተው መሆን አለበት። ወንድሜን "አንተ ልጅ፣ እዚያ አረፍ በል" ብለው አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ። "አሮጌ ካንዴላዎች አሉህ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ነበሩኝ። ለምን እንዳልጣልኳቸው አላውቅም፣ ሰባት ነበሩ። ጨርቅ አንጥፈው በወጡበት ቅደም ተከተል እንድደረድራቸው አደረጉኝ። የመጀመሪያው አጥንት መስሎ ነጥቷል፤ ላዩ ላይ መርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች አሉት። "ይህ የፒስተንህ አሉሚኒየም ነው፣ ቀልጦ የተረጨ" አሉኝ። ሌሎቹ ስድስቱ ጥቁርና እርጥብ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩአቸው።

ከዚያ ሞተሯን አስነሱና እጄን ይዘው የነዳጅ ታንከሩ ላይ አኖሩት። ነዳጅ ሰጡ፣ ለቀቁ። ንዝረቱ ወዲያው መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። እጄ ሥር እየተንቀጠቀጠ ቆየና ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰነፍ ሰው፣ ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት ወደምትዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ወረደ። ደገሙት። "ተሰማህ?" አሉኝ። ተሰማኝ! አንድ ዓመት ሙሉ "አትሰማም እንዴ" ስባል የነበርኩት ሰውዬ በመዳፌ ሰማሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም አንጀቴን ይበላኛል።

የቀረውን እንዴት እንዳደረጉት በደንብ አልገባኝም። መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ደፈኑ፣ ጌጅ ባላት ትንሽ የእጅ ፓምፕ ነፋስ ሞሉባት፣ የሳሙና ውሃ ቀቡ። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ጎማ ሥር አረፋ ተነፋ። ጎማው ከታች በኩል ተሰንጥቋል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ያልተፈለገ አየር የምትስበው በዚያ ነበር፤ ፒስተኑን የበላውም፣ ጠዋት አልነሳ ያስባላትም እሱ ነው። ስንጥቁን ሳያዩ ጄት ማሳደግ ደግሞ የሚያፈስ ባልዲ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ጎማው ሲቀየር የጌጁ ቀስት 6 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

ዘይቱንም ወደ 1 ለ 32 (አንድ እጅ ዘይት ለ32 እጅ ቤንዚን) መለሱት። ዘይት ሲበዛ በዚያችው የጄት ቀዳዳ በቤንዚኑ ቦታ ስለሚያልፍ ቤንዚኑ ያንሳል አሉኝ፤ እኔ እኮ እየጠበቅኳት መስሎኝ ነበር! ካንዴላው ወደ 8 ቁጥሩ፣ ወደ ኤንጂኬው ቢ8ኢኤስ፣ ተመለሰ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ትልቁ ጄትም ደረጃ በደረጃ ወረደ። በአውራ ጣት የሚገፋው የነዳጅ መስጫ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት ሩቡን በእስክሪብቶ አሰመሩልኝ፤ እስከ ሩብ ትንሹ ጄት፣ መሃሉን የካርቡሬተሩ መርፌ፣ ከሦስት ሩብ በላይ ትልቁ ጄት ነው የሚገዛው። ቀጥሎ አዲስ ካንዴላ አስገብተው ሰደዱኝ። ሙሉ ነዳጅ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ይዘህ አጥፋ፣ ተንሸራተህ ቁም፣ ካንዴላውን ንቀል። በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ከነጩ ሸክላ ግርጌ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቀጭን ቡናማ ቀለበት። "ይህን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግህም" አሉኝ። ስምንተኛዋን ካንዴላ ሰጡኝ፣ ለማመሳከሪያ።

ያስከፈሉኝ ሌሎቹ ለአንድ ጄት ከወሰዱብኝ አይበልጥም። ብርድ ሲበረታ አየሩ ስለሚወፍር፣ ከፍታ ቦታ ከወጣሁ ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ተመልሼ እንድመጣ ነገሩኝ። እሄዳለሁ እንጂ! ባትበላሽም እሄዳለሁ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ አይንጠፍ።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ ነው ያልጻፍኩት። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዛሬውኑ እልካለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ፤ ሌላ ጄት ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ አታጣድፏቸው። አሮጌ ካንዴላችሁን አትጣሉ፣ ሳትጠርጉት እንዳለ ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።